ጭቃ የረገጠው ሰውዬ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የማያምን አይመን። እኔ የሰማሁት ከራሷ ከእንቁ አፍ ነው፤ እንቁ ደግሞ ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ፣ እልኸኛ የኮሶበር ከተማ ልጅ ናት።

ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ቦታው የእንቁ ፎቶ ቤት ነው።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ተጠልለዋል።

እናቷ ወይዘሮ የምሥራች ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቧ ተቀምጠዋል። እንደ ልማዳቸው፣ «እስቲ ልጄን አሳይኝ» አሏት።

ልጃቸው ይኸነው ሞቷል። የቀረቻቸው አንዲት ፎቶ ናት፤ በጥር ጊዮርጊስ፣ በፈረስ ግልቢያው ቀን፣ እህቱ እንቁ ያነሳቻት። ይኸነው ዳማ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይስቃል። እናቱ ልጓሙን ይዘዋል። ከኋላቸው ደረቅ ሜዳና አቧራ ብቻ ነው።

እንቁ ያቺን ፎቶ በነፃ የሚያስቀምጥ አንድ አፕ ላይ ጫነቻት። ስልኳ ሲሞላባት ዋናዋን አጠፋቻት፤ «እዚያ አለችልኝ» ብላ። ስንቶቻችን ነን እንደዚህ ያደረግን? የገዛ ዕቃችንን ፊቱን ለማናውቀው ሰው አስረክበን፣ ቁልፉን እንኳ ሳንቀበል እንተኛለን!

ከፈተችው።

ከፈረሱ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ... አንድ ሰውዬ ቆሟል።

ግራጫ ካፖርት ለብሷል። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«እማ... ይሄ ማነው?»

«የቱ?»

«ይሄ፣ ካፖርት የለበሰው።»

እናቷ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «እንጃ... ግልቢያ ሊያይ የመጣ ይሆናላ።»

እንቁ ፎቶዋን ስንት ጊዜ አይታታለች! ሰውዬው አልነበረም። ግን ዓይን ይስታል ብላ ተወችው።

በማግስቱ ሰውዬው ቀርቧል።

አሁን የቆመው ፈረሱ ጭራ አጠገብ ነው። ከፎቶዋ ሥር ደግሞ አፑ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ፎቶዎን አሻሽለንልዎታል።»

አጉልታ አየችው። ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው፤ ግን ፊቷን ዞር ስታደርግ መልኩ ከሐሳቧ ይጠፋል። የሚቀራት ጫማው ብቻ ነው። ጫማው...

እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። እርጥብ፣ ቀይ ጭቃ።

በጥር ፎቶ ላይ!

ቀና ብላ ደጁን አየች። ያው ቀይ ጭቃ ሱቋን ከቦታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ከዚያ ወዲያ በከፈተችው ቁጥር ሰውዬው ይጠጋል። ልጓሙን ያዘ። የይኸነው ሳቅ ደበዘዘ። አንድ ቀን ደግሞ ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ሰውዬው ሆነ፤ ይኸነው ወደ ኋላ፣ ወደ አቧራው ተገፍቷል።

እናቷ ስልኩን ዳሰሱት።

«ልጄ...» አሉ በሹክሹክታ።

ጣታቸው ያረፈው ካፖርቱ ላይ ነበር።

«እማ! እሱ ይኸነው አይደለም!»

«ታዲያ ማነው? ልጄ ካፖርት ይወድ የለ?»

ይኸነው በሕይወቱ ካፖርት ለብሶ አያውቅም።

ይሄኔ እንቁን ፍርሃቱ ለቀቃትና ንዴት ያዛት። ወንድሟን አንዴ ሞት ወስዶባታል። እንደገና ከእናቷ ልብ ማንም እንዲሰርቀው አትፈቅድም!

እናቷን ይዛ፣ በዚያ ዝናብ፣ የእድራቸው ዳኛ ጋሼ አዝመራው ቤት ደረሰች።

የእነሱ እድር ዕቃውን አንድ ቤት አያከማችም። ድንኳኑ አንዱ ጋ፣ ድስቱ ሌላው ጋ፣ ወንበሩ ደግሞ ሌላው ጋ ነው። አንድ ቤት ቢቃጠል እድሩ አይቃጠልም። ይኸነው የሞተ ጊዜ ጋሼ አዝመራው፣ «የልጃችን ፎቶም እንደ ዕቃችን ነው፣ ለእኔም አስቀምጪልኝ» ብለው በብሉቱዝ ተቀብለዋት ነበር። እንቁ ረስታው ከርማ ገና ዛሬ ነው ትዝ ያላት።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ኢንተርኔት ገብቶበት ያውቃል?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ሬዲዮው ይበቃኛል።»

«የይኸነውን ፎቶ... ይክፈቱልኝ።»

ከፈቱላት።

ይኸነው ዳማው ላይ ሆኖ ይስቃል። ከኋላው አቧራ ብቻ።

እናቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ውይ ልጄ! የት ከርመህ ነው?» ብለው አለቀሱ። እንቁም አለቀሰች።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ፎቶዋን ለእድሩ ቤቶች ሁሉ አደለች፤ በሚሞሪ፣ በፍላሽ፣ በወረቀት አትማም። በየቤቱ ያሉት ስልኮችም መሃላቸው ማንም ሳይገባ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲቀባበሉ አደረገች። አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ይመልሰዋል፤ አንዱ ጋ ቢለወጥ ሌሎቹ ያጋልጡታል።

በመጨረሻ ሱቋ ገብታ አፑን ከፈተችና መሰረዣውን ተጫነች።

«አካውንትዎን ለመሰረዝ እርግጠኛ ነዎት?»

አዎ የሚለውን ነካች።

«ይህ ፎቶ ሌላ ባለቤት አለው» አላት አፑ።

«ባለቤቱ እኛ ነን!» ብላ ባዶ ሱቅ ውስጥ ጮኸች። ደግማ ተጫነችው።

ከመጥፋቱ በፊት ፎቶው ብልጭ አለ። ፈረስ የለም፣ እናት የለም፣ ይኸነው የለም። ሰውዬው ብቻውን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል... እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሩቅ ያማትራል።

ጥር ገባ። ዝናብ ከቆመ ከርሟል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

በጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ጋሼ አዝመራው ደወሉ።

«እንቁ... ነይማ። ደጄን እዪልኝ።»

በሩ ሥር ሁለት የጫማ ዱካ አለ። እርጥብ፣ ቀይ ጭቃ። ጫፉ ወደ በሩ ዞሯል። የመጣበት አይታይ፣ የተመለሰበት አይታይ።

ጎረቤት ሄዱ። እዚያም አለ። ቀጥሎ ያለው ቤትም እንዲሁ። ፎቶዋ ባለችበት ቤት ሁሉ ያው ዱካ በር ላይ ቆሟል። አንዱንም ደፍ አልተሻገረም።

«የቱን ቤት እንደሚይዝ ጠፍቶበታል» አለች እንቁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጋሼ አዝመራው እንትፍ አሉ። «ይዙራ! ቤቱ እንደሆነ ብዙ ነው።»

መጨረሻ የደረሱት እነ እንቁ ቤት ነው። ወይዘሮ የምሥራች ደፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ከእግራቸው ፊት ዱካው አለ፤ ጫፉ ወደ እሳቸው ነው። የታተመችውን ፎቶ ከጉያቸው አውጥተው ወደ ባዶው ደጅ ዘረጓት።

«ልጄ ይሄ ነው» አሉ። «አንተን አላውቅህም!»

ሩቅ፣ ከሜዳው፣ የፈረሶቹ ኮቴ ተሰማ። ሁሉም ለአፍታ ወደዚያ ዞሩ።

ዓይናቸውን ሲመልሱ... የዱካው ጫፍ ወደ መንገዱ ዞሯል።