ባለ ስንት አሃዝ?

«መነሻ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም!» አለች ወፌ፣ በሩን በጀርባዋ ገፍታ እየዘጋች።

የጭምት ጣቶች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ወፌን ወፌ የሚሏት ምላሷ ስለማያርፍ ነው፤ ለጭምት ደግሞ ስሙን ያወጣችላት ራሷ ወፌ ነች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንዷ እያወራች ሌላዋ እየሰማች እዚህ ደርሰዋል።

ነገ የቁጥር ትውስታ ውድድር አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ተወዳዳሪው ያየውን ይጽፋል። ቁጥሮቹን በዘፈቀደ የሚያወጣውን ፕሮግራም «አር» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንድትጽፍ የሒሳብ መምህሩ ያዘዙት ጭምትን ነው። ታዲያ ይህ ዘፈቀደ የሚሉት ነገር አንድ ጉድ አለበት፦ መነሻ ቁጥሩን ያወቀ ሰው ፕሮግራሙን በዚያው ቢያስነሳው፣ እነዚያኑ ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል ያገኛቸዋል። ይህንን ደግሞ ወፌ የሰማችው ከራሷ ከጭምት አፍ ነው።

«ወፌ፣ ይሄ እኮ ስርቆት ነው።»

«ኧረ ባክሽ! ሳምንቱን ሙሉ በሰጠሽኝ መለማመጃ አንዱንም በትክክል መያዝ አቃተኝ። ደደብ ነኝ፣ በቃ! ነገ ክፍሉ ሁሉ ሙድ ሲይዝብኝ ቁጭ ብለሽ ልታዪ ነው?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጭምት አዘነችላት። ደግሞስ ብትነግራት ማን ያውቃል? ወፌ ምኑ እንዳቃታት ለማየት መለማመጃውን ከፈተችው። 48291736። 73055628። 91520447። ወደ ታች ብትወርድ፣ ብትወርድ፣ አጭር ቁጥር የሚባል ዘር የለም።

«ወይኔ ጉዴ! ደደቧስ እኔ ነኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ቲቸር አጭርም ረጅምም ይቀላቀል ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከአንድ እስከ መቶ ሚሊዮን ካሉት አውጣ ብዬ ለቀቅኩት። ከእነሱ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ባለ ስምንት አሃዝ ናቸው እኮ! መጀመሪያ የአሃዙን ብዛት በዕጣ ማውጣት፣ ከዚያ ቁጥሩን ማውጣት ነበረብኝ።»

ወፌ አፍንጫዋን ጠረገች። «አንቺም ትሳሳቻለሽ ማለት ነው?»

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ? ምስጢር ጠባቂዋ?»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ጭምት ፕሮግራሙን አስተካክላ አስነሳችው። 47 መጣ፤ ወፌ ጻፈችው። 3816፣ እሱንም። ባለ አምስት አሃዙን ስትይዝ ከወንበሯ ዘለለች። ባለ ስምንቱ ላይ ግን ሁለት አሃዝ ሳተች።

«ነገ ባይሳካልኝስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ እንጃ» አለች ጭምት፤ መዋሸት አልፈለገችም። ከዚያ የነገውን ፕሮግራም ከፈተች፤ እሱንም እንደ መለማመጃው አስተካከለችና መነሻ ቁጥሩ ያለበትን መስመር ሰረዘችው። መነሻ ካልሰጡት ኮምፒውተሩ በየጊዜው ራሱ አዲስ ይመርጣል። «አሁን ነገ የሚመጣውን ማንም አያውቀውም። እኔም ብሆን።»

ወፌ ስክሪኑን አየች፤ ጓደኛዋን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «ባለ ስምንቱን አምጪዋ!»