አንድ ቀንዷ የጎበጠ ጨረቃ

ብርጭቆው ሊጡ ላይ ተሰነጠቀ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣችና እጄን ሳይሆን ሊጡን አየች።

«ስብርባሪው ገብቶበታል» አለች። «አንድ ልጅ ይውጠዋል። አንጀቱን ይቆርጠዋል።»

«እማ፣ ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም እኮ።»

«አባትሽም ‹ጉንፋን ነው እንጂ ሌላ አይደለም› ብሎኝ ነበር።»

ሊጡ ሁሉ ተደፋ። ቡታጅራ ለዒድ የምትዘጋጅበት ሰሞን ነበር። በእኛ ሰፈር የዒድ ዕለት በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። የላክሽው ይበላል፣ በቦታው የጎረቤት ነገር ይደረግበትና ይመጣል። እናቴ ፈቲሀ ሳህን ባዶ ከሚመለስ ቤት ቢቃጠል ይሻላል የምትል ሴት ናት።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ብስኩት ስጋግር እንደ ማንም ሰው ብርጭቆ እየደፋሁ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጣለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን እናቴ ብርጭቆ ወደ ሊጥ እንዳይጠጋ ማለች። «ቆርቆሮ ተራ ሂጂና መቁረጫ አሠሪ» አለችኝ። ወደ ኡበይድ የላከኝ የእሷ ፍርሃት ነው።

ኩራዝ ከሚሠሩት መካከል አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ መዶሻ ያሳርፋል።

«ምን ልሥራልሽ እህቴ?»

«የብስኩት መቁረጫ። በጨረቃ ቅርጽ።»

«ሙሉ ጨረቃ ነው?»

«ሙሉውንማ ብርጭቆ ይቆርጠዋል! የዒዷን ነው እንጂ።»

ሳቀ። ከዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ቀጭን ጥብጣብ በመቀስ አወጣና በብረት ዘንግ ላይ እያዞረ ያጎብጠው ጀመር።

«ስምህ ማነው?» አልኩት።

ቀና አለ። መዶሻው ሳተና የጨረቃዋን አንድ ቀንድ አጎበጠው።

«ኡበይድ» አለ። ከዚያ የሠራውን አየ። «አበላሸሁት። ሌላ ልሥራልሽ።»

«ተወው።»

«ጎባጣ ጨረቃ ይዘሽ ልትሄጂ?»

«ስሜን ሳትጠይቅ የሠራኸው ነው፤ ምን ይደረግ።»

«እሺ፣ ስምሽስ?»

«ባሂራ።»

ሁለቱን ጫፎች በጋለ ካውያ በየዳቸው። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ቀስ እያለ ቀጥቅጦ አስተኛው። «ይሄ ስለቱ ለሊጡ ነው» አለ። «የታጠፈው ግን ለእጅሽ ነው።» እንደማይቧጭር ለማየት የታጠፈውን ጎን በገዛ ጉንጩ ላይ አሸት አደረገው። ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ያነሣሁት። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

ከዚያ ኮከብ አሠራሁ። ከኮከቡ በኋላ ቅጠል። ከቅጠሉ በኋላ ምን እንደማሠራ ጠፋኝ።

«ዛሬስ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ኮከቡ ደነዘ።»

«ሊጥ ነው ወይስ እንጨት የምትቆርጪበት?» ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «ባሂራ፣ አያቶቼ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ። በእኛ አገር ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይወስዳል፤ ልጁን ግን አይሰጣቸውም፣ ከቤታቸውም አይበላም። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ሁሉም ያውቀዋል።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?»

«ኮከቡ ደነዘ አልኩህ እኮ!»

አንገቱን ደፍቶ የኮከቡን ስለት ይሞርድ ጀመር። የሞረዱን ድምፅ ስሰማ ደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘ።

የዒድ ጠዋት ጨረቃዎቹን ጋገርኩ፤ ከድስቱ በታች ከሰል፣ ከክዳኑ በላይ ከሰል። ሁሉም አንድ ቀንዳቸው ጎበጥ ብሎ፣ ሄል ሄል እየሸተቱ ወጡ። ሳህኖቹን ሸፍነን ለጎረቤት ላክን።

የመጀመሪያው ሳህን ሲመለስ ከበድ አለኝና ደስ አለኝ። ጨርቁን ገለጥኩት። የራሴ ጨረቃዎች ናቸው፤ አንድም አልተነካም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን የጎረቤታችን ልጅ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ሳትሰናበት ሄደች። እናቴ ሳህኖቹን ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸውና አንድ በአንድ አየቻቸው።

«መቁረጫውን ማን ነው የሠራው?»

«ኡበይድ፣ የቀጥቃጮቹ ልጅ።»

ቆርቆሮ ተራ ስመላለስ ሰፈሩ አይቶኝ ኖሯል። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከድሮ የሚባለው የአባቴ ታላቅ ወንድም የመጣው ከሰዓት ነው። ከአባቴ ሞት በኋላ በቤታችን ላይ ቃሉ ሕግ ነበር። ጫማውን አላወለቀም።

«የቀጥቃጭ እጅ ያረፈበትን ለሰው ታበያለሽ?»

«ማረሻህስ ከማን እጅ ወጣ ጋሼ?» አልኩት።

እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ከድሮ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ «አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለሚስትነት ጠይቋት ነበር፤ ዛሬ እሺ ብያለሁ» አላት ለእናቴ። «ቆርቆሮ ተራ ዳግም ከታየች፣ ያ ልጅ ሁለተኛ መቀስ እንዳይጨብጥ እናደርገዋለን።»

ሲወጣ እናቴ ጎባጣውን የጨረቃ መቁረጫ ከመደርደሪያው አነሣች። «ሽንት ቤት እጨምረዋለሁ» አለች። ስትጨምረው አላየሁም።

እኔ ግን የኡበይድን ጣቶች ብቻ ነበር የማየው። ዓይኔን ስጨፍን ደም ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ንጋት ሱብሂ እንደሰገድን ጥቅሌን ያዝኩ። እናቴ መስገጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። በራችን ሲከፈት ይጮሃል፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ከፈትኩት። ጮኸ። እናቴ አልዞረችም። መቁጠሪያዋ ብቻ እጇ ላይ ቆመ።

ማታውኑ በሰው ልኬበት ነበርና ኡበይድ መናኸሪያው ጥግ መሣሪያዎቹን በከረጢት ይዞ ይጠብቀኛል። ጣቶቹን አየሁ። ሁሉም ነበሩ።

ወልቂጤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሙባሪክ አለ፤ ከከድሮ ጋር በመሬት ተጣልተው ከተለያዩ ቆይተዋል። ኡበይድን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ትደበድባታለህ?»

«ኧረ አላህ አይበለው!»

«ትሰግዳለህ?»

«እሰግዳለሁ።»

«በቃ። ሌላውን ያወጣው ሰው ነው» አለና በአባቴ ቦታ ወሊዬ ሆነ፤ ኒካሑም ታሰረ።

ኡበይድ በመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የቆርቆሮ መሥሪያ ከፈተ። ለእኔም አዲስ ጨረቃ ሠራልኝ፤ ሁለቱም ቀንዷ የተስተካከለ። ልጃችን ሰፍያ ተወለደች። ሰው ደስተኛ ናት ይለኛል፤ ነኝ። ግን ከቡታጅራ መኪና በገባ ቁጥር ማን እንደሚወርድ ሳላይ አልቀመጥም። ኡበይድ ካመሸ፣ ሲገባ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የማየው። የእናቴ ፍርሃት በእኔ ውስጥ አድጎ አገባ፣ ወለደ።

በየዒዱ ለእናቴ ሳህን እልካለሁ። የዘቢዳርን ተራራ አቋርጦ የሚመላለሰው ሾፌር ሀቢቡ ይወስድልኛል። በየዒዱም ሙሉውን ይመለሳል፤ የቋጠርኩት ቋጠሮ እንኳ ሳይፈታ።

«ተዪው በቃ» ይለኛል ኡበይድ። «በእኔ የተነሣ ነው የምትጎጂው።»

«ሳህን መላክ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አቁሚ ስትለኝ አቆማለሁ።»

ዘንድሮ ግን ሳህኑ አልተመለሰም። ዒድ አለፈ። ሀቢቡም አልታየም። መጀመሪያ መኪናው ገደል ገባ አልኩ። ቀጥሎ እናቴ ሞታ ሳይነግሩኝ ቀበሯት አልኩ። ሰፍያን ከደጅ አስገብቼ በሩን መቀርቀር ጀመርኩ።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ሀቢቡ ነው፤ በሁለት እጁ የተሸፈነ ሳህን ይዟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል።

«እናቴስ?»

«ደህና ናቸው። መኪናዬ ተበላሽታ ነው የዘገየሁት።»

ሳህኑን ተቀበልኩት። ከብዷል። እንደሁልጊዜው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፊቴን አዞርኩ።

ጨርቁን የሳበችው ሰፍያ ናት።

«እማ» አለች፣ «ጨረቃዋ ቀንዷን አሟታል።»

ዞርኩ። ኡበይድ አንዱን ብስኩት አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶታል። ወፍራም ነው፤ ሥሩ አርሯል፤ የእኔ አይደለም። አንድ ቀንዱ ጎብጧል። ኡበይድ አውራ ጣቱን በጎባጣው ላይ አሳለፈ።

«ይሄ የእኔ መዶሻ ነው» አለ።

«እናትሽ በር ዘግተው ነው የጋገሩት» አለ ሀቢቡ ዝቅ ብሎ። «ከድሮ ጭሱን አይቶ ‹ምንድነው?› ሲላቸው ‹ለልጄ ነው› አሉት አሉ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። አንድ መልእክትም አለኝ፤ ‹ሕፃኗ ከመብላቷ በፊት ሰብረሽ እዪው፣ የቆርቆሮ ፍቅፋቂ እንዳይኖርበት› ብለዋል።»

ሰብሬ አየሁ። ምንም የለበትም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ራሴ በላሁት፤ ያረረው መረረኝ፤ ሁሉንም ዋጥኩት።

ኡበይድ አልበላም። ያንኑ ብስኩት እንደያዘ ወደ መሥሪያው ሲሄድ አየሁት።

«ወዴት ነው?»

«ያ ቆርቆሮ እስካሁን ዝጓል» አለ። «የታጠፈው ተከፍቶ ይሆናል። የእናትሽን እጅ ይቆርጣል።»

ሳህኑን አጥቤ አደረቅሁት። ሀቢቡ ሻዩን እስኪጨርስ ኡበይድ ከወተት ጣሳ ጥብጣብ አወጣ፣ አዞረው፣ በየደው፤ አንዱን ቀንድ አውቆ ጎበጥ አደረገው። ጠርዙን አጠፈና ቀጥቅጦ አስተኛው። ከዚያ መቁረጫውን ሳህኑ መሐል ከማስቀመጡ በፊት የታጠፈውን ጎን በጉንጩ ላይ አሸት አደረገው።