ሹራብ የለበሰው ማሽን

የውዳሴ ታናሽ ወንድም ዮናታን ሆስፒታል ከተኛ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሳንባውን አሞታል።

ዮናታን ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ቤት እያለ ሲሮጥ የሚያቆመው አልነበረም፤ አሁን ግን ቁጭ ማለት እንኳ ያቅተዋል።

እማዬም እሱን ልታስታምም እዚያው ናት። ውዳሴን ሁለቱም ናፍቀዋታል።

ዛሬ እሑድ ነው። ውዳሴ ከአባዬ ጋር ልትጠይቀው መጣች።

ዮናታን አፍንጫው ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ አለ። ጣቱ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት አለ፤ አልጋው አጠገብ ካለው ማሽን ጋር በሽቦ ተያይዟል።

ማሽኑ ቀስ እያለ ያወራል። «ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ…»

«ሲስተር፣ ምን እያለ ነው?» አለች ውዳሴ።

ነርሷ ሲስተር ብርቄ ጎንበስ አለች። «ዮናታን ደህና ነው እያለ ነው። አየር ሲያጥረው ግን ይጮኻል። ያኔ እኔ እየሮጥኩ እመጣለሁ።»

ሲስተር ብርቄ ወደ ሌሎቹ ሕመምተኞች ሄደች።

«ጢጥ!» ሲል ዮናታን ዓይኑን ይገልጣል። «ጢጥ!» ሲል እንደገና ይገልጣል። ምስኪን፣ እንቅልፍ አጥቷል።

እማዬና አባዬ መስኮቱ ጋ ሲያወሩ ውዳሴ ወደ ማሽኑ ተጠጋች። ሹራቧን አወለቀችና ማሽኑን አለበሰችው። ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያውራ ብላ ነው።

ዮናታን እንቅልፍ ወሰደው። ውዳሴ ደስ አላት።

ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ። የጠያቂ ሰዓት ደርሶ ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ።

«እግዜር ይማረው» አሉ ጋሽ ይርዳው። የጋሽ ይርዳው ድምፅ ሰፈር ይቀሰቅሳል።

«እግዜር ይማረው» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ የሾርባ ፔርሙዛቸውን እያስቀመጡ።

«በላ ወይ? ተኛ ወይ? እግዜር ይማረው» አሉ የቀሩትም። ሁሉም ዮናታንን ይወዱታል፤ ክፍሉ ግን ገበያ ሆነ።

ዮናታን ተገላበጠ። ቱቦው ከአፍንጫው ወለቀ። ማንም አላየም።

ከሹራቡ ሥር ትንሽዬ ድምፅ ወጣች። «ጢው… ጢው…»

ውዳሴ ብቻ ሰማች። ማሽኑ ከጆሮዋ እኩል ነበር።

«እማዬ» አለች። «እግዜር ይማረው» አሉ ሰዎቹ።

«አባዬ» አለች። «እግዜር ይማረው» አሉ ሰዎቹ።

ውዳሴ ዮናታንን አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል። በጣም ፈራች፤ ቢሆንም ሹራቡን ጎትታ ጣለችው።

«ጢው! ጢው! ጢው!»

ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ሲስተር ብርቄ እየሮጠች መጥታ ቱቦውን መለሰችለት።

ሁሉም ጠበቁ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ጢው… ጢው… ጢጥ… ጢጥ…»

የዮናታን ከንፈር ቀስ በቀስ ቀላ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ ያለበስኩት» አለች ውዳሴ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንዲተኛ ብዬ ነው።»

ሲስተር ብርቄ አልተቆጣቻትም፤ አልሳቀችላትምም። «ሹራብሽን ሲበርደው እሱን አልብሺው። ማሽኑን ግን እንስማው፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ» አለች ውዳሴ።

ጋሽ ይርዳው አንገታቸውን ደፉ። «እኛም አጥፍተናል» አሉ።

ከዚያ ሁሉም በሹክሹክታ «እግዜር ይማረው… እግዜር ይማረው…» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ።

«ዮናታን ዛሬ ቤት ይመጣል?» አለች ውዳሴ።

«ገና ነው የኔ እናት» አለች እማዬ። አቅፋ ሳመቻት። «ገና ነው።»

ሲመሽ ውዳሴ ቤቷ አልጋዋ ላይ ወጣች። ከዮናታን ጋር ነበር የሚተኙት፤ ስለዚህ ዳር ላይ ተኝታ በግድግዳው በኩል የእሱን ቦታ ተወችለት።

አባዬ ብርድ ልብስ አለበሳት። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ በጣም ጸጥ ብሏል።

«አባዬ፣ አሁን ማን እየሰማው ነው?»

«እናትሽ እየሰማችው ነው። ነርሶቹም እየሰሙት ነው።»

«ጋሽ ይርዳውስ?»

«ቤታቸው ገብተዋል።»

ውዳሴ ትንሽ አለቀሰች። አባዬ ዝም በይ አላላትም።

አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ትንፋሿን አዳመጠ።