የዘጠኝ ሰዓት መድኃኒት

መሪጌታ ወልደተንሣኤ አንኮበር ውስጥ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተር ሠናይት ቤታቸው ደረሰች። ባለቤታቸው ደመቀች መደቡ ላይ ተቀምጣለች። የሟች ታናሽ ወንድም ቴዎፍሎስ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከቀብር ወዲህ እዚያ ቤት አልቀመጥም ብሏል። ከሳሹ እሱ ነው።

«አረቄ የምታወጣው እሷ ናት» አለ። «ጋሼ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሞቱ። በጉበት ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።»

«አንዳንዴ ያስፈልጋል» አለች ሠናይት።

ደመቀች ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ መሰላት። ብትታሰር በሩን ማን እንደሚቆልፈው ብቻ አሰበች።

«ወይዘሮ ደመቀች፣ ባለቤትዎ ይጠጡ ነበር?»

«በዓመት በዓል አንድ መለኪያ። በፍልሰታማ አይነኩም።»

«ሲታመሙ ምን ሰጧቸው?»

«ትኩሳት ስለያዛቸው ፓራሲታሞል ገዛሁ። ሁለት ሁለት፣ በቀን ሦስቴ ተባልኩ።»

«እየጾሙ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ስድስቱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ላይ ይውጧቸዋል። የቀኑ ድርሻ አይጉደል ይሉ ነበር።»

ሠናይት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ባዶ የክኒን ፓኮ አነሳች።

«ይሄ የጉንፋን ነው» አለ ቴዎፍሎስ። «ከደብረ ብርሃን እኔ ነኝ የላክሁላቸው።»

ሠናይት ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች።

በማግስቱ ሁለት የደም ምርመራ ወረቀቶች ይዛ ተመለሰች። ደመቀች እዚያው መደብ ላይ፣ ቴዎፍሎስም እዚያው በር ላይ ነበሩ።

«ኤኤልቲ የሚባለው ኢንዛይም በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው» አለች ሠናይት። «ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። መሪጌታ በሐምሌ ለዓይናቸው ሲታከሙ 24 ነበር፤ የጤነኛ ሰው ነው። ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው 4,800 ሆነ። መጠጥ ጉበትን የሚጎዳው በዓመታት ነው። ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶዎች አያልፍም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኤኤስቲ የሚሉት ሌላው ኢንዛይም የኤኤልቲን እጥፍ ያህል ይሆናል። እዚህ ግን የሚበልጠው ኤኤልቲ ነው። ይህ በቀናት ውስጥ የደረሰ ጉዳት ነው።»

«መርዛቸዋለች ማለት ነዋ» አለ ቴዎፍሎስ።

«የላኩት የጉንፋን ክኒን ውስጡ ፓራሲታሞል ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ፓራሲታሞል ደግሞ ሲበዛ ጉበትን ያጠፋል። ወይዘሮ ደመቀች፣ ከእሱስ መሪጌታ በቀን ስንት ይውጡ ነበር?»

«ስድስት። ከዚያኛው ጋር።»

«ዐሥራ ሁለት በአንድ ጊዜ፣ በጾም በደከመ ሰውነት፣ ስምንት ቀን ሙሉ። ገዳይ የለም፣ አቶ ቴዎፍሎስ። መዝገቡ ይዘጋል።»

ውጭ ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዷል።

«መዳፋቸው ላይ የምቆጥርላቸው እኔ ነበርኩ» አለች ደመቀች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

ቴዎፍሎስ በሩን ተደገፈ። «ግማሹን የላክሁት እኔ ነኝ» አለ።

ደመቀች መደቡ ላይ ትንሽ ጠጋ አለችለት።

መጥቶ ተቀመጠ።