አንለይን ያላሞቀው ፒካፕ

አንለይ አሮጌ ፒካፑ ውስጥ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ እንደተከናነበ ሞቶ ተገኘ። ደጋዋ ይጁቤ ውርጭ አድሮባት ነበር። የአባቱ ተዝካር በዋዜማው ስለተበላ ከዲማ የመጡ ካህናትና ዘመዶች አልጋውንም መደቡንም ሞልተውት፣ የቤቱ ልጅ መኪና ውስጥ አደረ። እናቱ ወይዘሮ ፋንታነሽ «እንግዳዋን ጎረቤት አሳደረች» ከምትባል ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት። ኩራት ደግሞ ብርድ ልብስ አይሆንም።

ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ኢንስፔክተር አመተ ማርያም በሩን ሳታስከፍት መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። መካኒኩ ጸጋው አጥር ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት መኪናውን የነካው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያየውም እሱን ነው።

አስከሬኑ ወደ ቤት እንደገባ የሟች ወንድም አማረ ጸጋው ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይኸው ገዳዩ! የሞተሩን ጭስ ወደ ውስጥ አስገብቶ ፈጀው። እሰሪልን!»

«አንተስ መኪናው ይሸጥ ብለህ ትናንት ከሟች ጋር አልተናነቅህም?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ወንድም አይጣላም እንዴ? ካህናቱ መሀል ነው ያደርሁ፤ ጠይቂያቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። ስታንኮራፋ አደርህ፤ አዝነውብሃል።»

ወደ ጸጋው ዞረች። «አንለይ ምን ብሎህ ነበር?»

«ማሞቂያው ደከመ፣ እግሬ ደነዘዘ አለኝ።»

«አንተስ?»

«መኪናው… አርጅቷል አልሁት።»

«አስነሳው።»

ሞተሩ ሩብ ሰዓት ሠራ። ሙቅ ውሃ ወደ ጋቢናው የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ በእጇ ያዘችው፤ ለብ እንኳ አላለም። የራዲያተሩ ውሃ ግን ሙሉ ነው።

«ውሃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደው ቴርሞስታት የታለ? ክዳኑን ፍታው።»

ፈታው። ቦታው ባዶ ነው።

«ነቅዬ ጣልሁት» አለ ጸጋው። «ዓባይ በረሃ ላይ ሲፈላበት ጊዜ… ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርግ።»

«ለቆላው አበረድኸው። ደጋ ሲወጣ ማን ያሙቀው?»

ጸጋው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አንለይ እንደ ወንድም አምኖት ነበር።

ኢንስፔክተሯ ማድ ቤት ገብታ ቆየች። ወይዘሮ ፋንታነሽ ደረቷን እየመታች ተከተለቻት።

«እማማ፣ ሌሊት ልጅዎን ወጥተው አይተውታል?»

«አልወጣሁም፣ አላየሁትም! ግን ልጄን ብርድ አላስነካሁትም።»

ሙሾው ጋብ ሲል ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጸጋው አልገደለም» አለች። «ስደርስ የሞተሩ ክዳን ላይ ያለው ውርጭ አልቀለጠም ነበር፤ ቁልፉም ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር። ያልተነሳ ሞተር አያጨስም። ወለሉ ላይ ያለው ላስቲክ ግን ሦስት ቦታ ቀልጧል፤ የከሰል ማንደጃ እግር ነው። ከሰል በተዘጋ መኪና ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል። ማንደጃው ግን የለም፤ ሰው አንስቶታል።»

አማረ አፉን ከፈተ፤ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«እስከ ላይ የማይዘጋው የበሩ መስታወት ክፍተት ከውጭ በጨርቅ ተወትፏል፣ በደንብ ተጣጥፎ። ሊገድል የመጣ ሰው ብርድ አይከልልም። ማድ ቤት ሦስት ማንደጃ አየሁ። ሁለቱ አመዳቸውን እንደያዙ ናቸው፤ አንዱ ታጥቧል። ቤት ውስጥ ሬሳ ተኝቶ ማንደጃ የሚያጥብ ማን ነው? እማማ፣ ካላዩት ብርድ እንዳልነካው በምን አወቁ?»

ወይዘሮ ፋንታነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈች።

«እኔ ነኝ። እንግዳ ከማስነሳ ብዬ ልጄን አስወጣሁ። ማሞቂያው አይሠራም ቢለኝ እሳቱን በእጄ ወሰድሁለት፤ ቀዳዳውንም በእጄ ወተፍሁ። ማልጄ ባየው… ማንደጃውን አነሳሁ። ‹ፋንታነሽ ለስሟ ስትል ልጇን ፈጀች› እንዳልባል። ይህ የሰው ልጅ ሲታሰርም ዝም ብዬ ላየው ነበር።»

«እማዬ!» አለ አማረ፤ ፊቱን ሸፈነ።

አሮጊቷ ተነስታ ወደ ጸጋው ሄደች። በዕድሜዋ ለማንም ያልጎነበሰች ሴት እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል፣ ቀድሟት ወደቀ።

«ኸረ እማማ፣ ተዉ! ማሞቂያው በእርጅና አልደከመም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

እሷም ወደቀች። ሁለቱም አፈር ላይ ቀሩ። አማረ ሊያነሳቸው እጁን ዘርግቶ መለሰው። በደለኛን «ተነሥ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለው የተበደለ ሰው ነው፤ የተበደለው ግን ቤት ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል።