ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት

መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ቫኗን ወደ ኋላ ስትነዳ የአንድ ብስክሌት ጎማ ከሥሯ ገብቶ ሲንቀጫቀጭ ሰማች።

ፍሬን ያዘች። በመስታወቱ ወደ ኋላ ብታይ አንድ ረጅም ሰውዬ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ፣ መሬት ላይ የተጣመመውን ብስክሌቱን አፉን ከፍቶ ያያል።

«ወይ ጉዴ!» ብላ ዘላ ወረደች። «ይቅርታ ጋሼ! በእናትዎ ይቅር ይበሉኝ! አላየሁትም!»

ሰውዬው ብስክሌቱን አየ። እሷን አየ። እንደገና ብስክሌቱን አየ።

«ብስክሌቱስ ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ያልሽኝ ግን አመመኝ። ስንት ዓመት ብመስልሽ ነው?»

ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። «እባክዎ... ለሹፌርነት ፈተና ነው የመጣሁት። ፈታኙ ሳይሰማ እንስማማ።»

«ፈታኙ እኔ ነኝ።»

ቸኩላ የቫኗን በር ከፈተችለት።

ያን ሰሞን ሥራ ፍለጋ የጫማዋን ሶል ጨርሳ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተዘግቶ፣ የቀራት ነገር ቢኖር የአባቷ አሮጌ ቫን ብቻ ነበረች። አባቷ ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲያመላልስባት የኖረ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላት «መንጃ ፈቃድ አውጪ፣ ይጠቅምሻል» ብሎ የጨቀጨቃትም፣ ያስተማራትም እሱ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ቀኝ ጎኑ ከዳው። ምላሱም አብሮ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ ቫኗ ግቢ ውስጥ፣ እሱ አልጋ ላይ ቀሩ።

አንዱ ድርጅት «ካርቶኑን ማን ያወርድልሻል?» ብሎ መለሳት። ሌላው «ከጠዋት እስከ ማታ ነው፣ መሃል ላይ ቤት መሄድ የለም» አላት። እሷ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቤት መገኘት አለባት። አባቷን የምታበላው፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው፣ ገላውን የምታጥበው ያኔ ነው። የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። ጎረቤቷ እትዬ አንድ ቀን ልታጎርሰው ብትሞክር ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለዚህ የመድኃኒት ማከፋፈያው መጋዘን በር ላይ «የራሱ መኪና ያለው፣ በሚመቸው ሰዓት የሚሠራ ሹፌር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ሦስት ጊዜ ነው ያነበበችው።

ፈታኙ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ የበሩን እጀታ ጨምድዶ እንደያዘ አስተዋለች። ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«ወደ ፊት ስትነጂ እንዳንቺ ያለ ሹፌር አላየሁም» አለ። «ወደ ኋላ ግን... እንማማራለን።»

ስሙን የሚጠራው አልነበረም። የስምሪት ኃላፊ ስለሆነ ሹፌሮቹ ሁሉ «ስምሪቱ» ይሉታል። የትኛው ካርቶን በማን መኪና፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። በጸጸት «ብስክሌትህ እስኪጠገን እኔ ላመላልስህ» ስትለው ትንሽ አቅማማና እሺ አለ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ማዕዘን ላይ ታነሳዋለች። መጀመሪያ ስለ መንገድ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቀስ በቀስ ስለ አባቷ ነገረችው። እሱ ስለ ራሱ ብዙ አይናገርም። ግን ከስድስት እስከ ስምንት ያለውን ሰዓት አንድም ቀን ሳይሳሳት ባዶ ይተውላት ነበር።

«ዛሬ ዓይንሽ ቀልቷል» ይላታል።

«ሌሊት አባዬን ሳገላብጥ ነጋ።»

እሱም የእሷን ከባድ ካርቶኖች ወደ ሌላ ሹፌር ያዞራቸዋል። አትጠይቀውም፣ አይነግራትም።

በሦስተኛው ወር አንድ የቋሚ ሹፌር ቦታ ክፍት ሆነ። ቋሚ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ በድርጅቱ ወጪ ይታከማል። ስለ አባቷ ደግሞ ሐኪሙ «በየሳምንቱ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ቢያገኝ እጁም አንደበቱም ይሻሻላል» ብሎ ነበር። ለማንም ሳትናገር አመለከተች። በምሳ ሰዓት አባቷን እንድታይላት እትዬን ለምና አስማማች። አባቷንም እግሩ ሥር ተቀምጣ «ለአንተ ብዬ ነው አባዬ፣ እሺ በለኝ» አለችው።

ውጤቱ በተለጠፈ ቀን የሌላ ሰው ስም ነበር።

ወሬ አይደርቅበትም ተብሎ «ሬዲዮ» የሚባለው ሹፌር ጆሮዋ ሥር መጣ። «እኔ አልነገርኩሽም... ስምሪቱ ነው አሉ። ‹በምሳ ሰዓት አትገኝም› ብሎ ለሥራ አስኪያጇ የነገራት እሱ ነው።»

ክው አለች። በቀጥታ ስምሪት ክፍል ገባች።

«አንተ ነህ?»

«ምኑ?»

«አትገኝም ያልከው!»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሥራ አስኪያጇ ጠየቀችኝ። ከስድስት እስከ ስምንት የት ናት አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«አባዬን የሚያይልኝ ሰው አዘጋጅቼ ነበር! ሁሉን ነገር አዘጋጅቼ ነበር...»

«ባለፈው ቀይ መብራት ላይ መሪ እንደያዝሽ አንቀላፋሽ» አለ። «ጎንሽ ነበርኩ። ሙሉ ቀን ከሠራሽ አንድ ቀን... ፈራሁ።»

«ፍርሃትህን በራስህ ላይ አድርገው! በእኔ ሕይወት ላይ አይደለም!»

የመጋዘኑን መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሱ ይደውላል፤ እሷ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጣለች። ለአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ወንበርና ቁምሳጥን ማድረስ ጀመረች። ሦስተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ ፎቅ... ወገቧ የሰው ወገብ መሆኑን ረሳ። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መድረስ ስለማትችል እትዬ ትሞክራለች፤ አባቷ አፉን አይከፍትም። ማታ ስትገባ ሳህኑን እንደነበረ ታገኘዋለች። ሸሚዙ ላዩ ላይ እየሰፋ ሄደ። አንዳንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለቱም ግድግዳ ያዩ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ድልድዩ ላይ ከባድ መኪና ተገለበጠ። ከፊቷም ከኋላዋም መኪና ነው። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ነው። አባቷ መብላቱን ልትጠይቅ ወደ እትዬ ደወለች።

«ውይ የኔ እናት! ልጄ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ነኝ። ልደውልልሽ ስል...»

አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ነው። ውሃ እንኳ የሚያቀብለው የለም። ስልኩን ስትነካ፣ ጣቷ ሳታዘው የሄደው ወደ ስምሪቱ ቁጥር ነበር።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ሰላምታ የለ፣ ወቀሳ የለ።

«የት ነሽ?»

«ድልድዩ ላይ... ተዘግቷል። አባዬ ብቻውን ነው።»

«ቤትሽን አውቀዋለሁ። ቁልፉስ?»

«መስኮቱ ሥር፣ ጣሳው ውስጥ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ግን አይበላልህም።»

«እሺ።»

«በግራ እጁ ይመታሃል።»

«እሺ አልኩሽ። አንቺ ተረጋግተሽ ንጂ።»

ቤት የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የእሱ ድምፅ ይሰማል።

«...ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። አሁን እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

አጮልቃ አየች። አባቷ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል። ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ ነው። ግራ እጁን አየር ላይ አንስቶ ማርሽ ይቀይራል። ስምሪቱ ምላጭ ይዞ ጎንበስ ብሎ፣ «ልክ ነዎት! እኔ ግን ያኔ አላሰብኩትም» ይላል። አባቷ ከጉሮሮው የሆነ ድምፅ አወጣ። መጀመሪያ ያለቀሰ መሰላት። እየሳቀ ነበር። የሾርባው ሳህን ባዶ ነው።

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች።

ስምሪቱ አባቷን አጥቦ፣ አድርቆ፣ እስኪያንቀላፋ ጠብቆ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ጉንጩ ቀልቷል።

«መታህ አይደል?»

«ሁለቴ።»

«እንዴት በላልህ?»

ጉልበቱን ዳሰሰ። «እኔም ሹፌር ነበርኩ። ለአባትሽ የነገርኳቸው መኪና ከእኔ ጋር ነው የተገለበጠው። ሁለት ዓመት እናቴ እንደ ሕፃን አጠበችኝ። እንዴት እንደሚያሳፍር አውቀዋለሁ። ማንኪያውን በግራ እጃቸው አስያዝኳቸውና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ብዙ አፈሰሱ። ግን ራሳቸው በሉ።»

አባቷ ከታመመ ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ማንኪያ አስይዛው አታውቅም ነበር።

«ጥፋቴን ልንገርሽ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ስለ አንቺ ከአንቺ ጋር ሳልነጋገር ለሌላ ሰው ማውራት አልነበረብኝም። የፈራሁት እውነት ነው። የፈራሁት ግን ስለምወድሽ ነው። እሱን ደግሞ ለአንቺ መናገር ሲገባኝ ለሥራ አስኪያጇ ምክንያት አደረግኩት።»

ጫማዋን አወለቀች። እሱ ቀጠለ።

«አንድ ቋሚ ሹፌር ጡረታ ሊወጣ ነው። ጠዋት ሠርታ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወጥታ፣ ከሰዓት የምትመለስ ሰው ብትቀጠር የስምሪቱ ሥራ እንደማይበላሽ ለሥራ አስኪያጇ በወረቀት አሳይቻታለሁ። ስምሽን አልጠራሁም። ከፈለግሽ አንቺ ራስሽ ግቢና ተናገሪ። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«ደክሞኛል» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም። «በጣም ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ። ድካምሽን ላጠፋልሽ አልችልም። ደክሞሽ ስትገቢ ግን በሩን ልክፈትልሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ብስክሌቱን ስታይ እንባዋ ሳይደርቅ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ብስክሌትህን መቼ ነው የጠገኑልህ?»

«በሦስተኛው ቀን።»

«ሦስት ወር ሙሉ እኮ ነው ያመላለስኩህ!»

«ሦስት ወር ሙሉ» አለ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ሳቀች። ሳቋ መሃል ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ አረፈ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትነቃ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ብቻዋን ገባች። ስትወጣ ቋሚ ሠራተኛ ነበረች። አባቷ ሕክምናውን ጀመረ። መጀመሪያ ጣቱ፣ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ አንድ ሁለት የተኮላተፉ ቃላት መጡ። ከስድስት እስከ ስምንት ያለውን ሰዓት እሷና ስምሪቱ ተራ ገቡለት። ቋሚ በሆነች በሰባተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ሄደው ጋብቻቸውን ፈረሙ። ምስክሮቹ እትዬና ሬዲዮ ነበሩ። ሬዲዮ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋው።

እሁድ ጠዋት ሁለቱም አልነቁም። የዓመታት ድካም ነው መሰል፣ ፀሐዩ መጋረጃውን አልፎ ፊታቸው ላይ ሲወጣ እንኳ አልተሰማቸውም። አራት ሰዓት ላይ ሬዲዮና የመጋዘኑ ሹፌሮች ኬክ ይዘው መጥተው በሩን ይደበድቡ ጀመር።

«ሙሽሮች! ኧረ ሙሽሮች! ክፈቱ እንጂ!»

በእንቅልፍ ልቧ ሰማቻቸው። ልትነሳ ፈለገች፤ ሰውነቷ እምቢ አላት። ያኔ ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሻካራ፣ የተሰባበረ ድምፅ ተነሳ። ከታመመ ወዲህ ሙሉ አረፍተ ነገር ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ዝ...ዝም በሉ!» አለ አባቷ። «ልጆቼ... ተኝተዋል!»

ደጁ ጸጥ አለ። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘችና፣ እንባዋ ትራሱ ላይ እየወረደ ተመልሳ ተኛች።