ኩላሊቱን ሰጥቶ ሰላምታውን የነፈገው ወንድም

አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን የጋሽ ፈቃደን ጎሚስታ ቤት የማያውቅ ሹፌር፣ እሱ ሹፌር አይባልም። ከአዳማም ይምጣ ከበቆጂ፣ ጎማው ሲተነፍስ መጀመሪያ የእግዜርን ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የፈቃደን። የአይሱዙ ጎማ በአንድ እጁ አንስቶ በሌላው እጁ ስልክ የሚያወራ ጎበዝ ነበር! ሚስቱ አፀደ ሳቂታ፣ ልጁ ዳናዊት በቅርቡ የተዳረች፣ ግቢው ሁልጊዜ ሰው የማይለየው... እንዲህ ያለ ቤት ላይ መከራ ከየት መጣ? አድራሻውንስ ማን ሰጠው? አንድ ቀን ጠዋት የፈቃደ እግር ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። ጫማው ጠቦ ነው ተባለ። በሳምንቱ ፊቱ አበጠ፤ ጎረቤቱ ሁሉ "ተመችቶሃል፣ ወፈርክ" እያለ አመሰገነለት። አዲስ አበባ ሄዶ ሲመረመር ግን ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ "ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ሥራ አቁመዋል" አለው። ሁለቱም! አንደኛው እንኳ አዝኖ "እኔ ልቆይለት" አላለም!

አፀደ "የኔን ውሰዱ" ብላ ደረቷን ደቃች፤ ደሟ አልገጠመም። ዳናዊት "የኔን" ብላ ብትመረመር የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች፤ ያ ቤት በአንድ ቀን እልልም አለ፣ አለቀሰም። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጢቾ ላይ ገብስና ስንዴ የሚያርሰው የፈቃደ ታናሽ ወንድም፣ ይበልጣል። አወይ! ያ ስም እዚያ ቤት ውስጥ ከተነሳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው እማማ ሐመልማል ነሐሴ ላይ ፈቃደ ቤት አረፉ። ይበልጣል መርዶውን ሰምቶ ከጢቾ ሲገሠግሥ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ገፋ፣ ቆፈረ፣ ድንጋይ አነጠፈ፣ አለቀሰ። አሰላ የደረሰው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን እናቱ የተቀበሩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት! ምን ነበረበት ቢጠበቅ? የእናቱን ሬሳ አልተሸከመ፣ አንዲት እፍኝ አፈር አልመለሰ! ፈቃደ አንገቱን ደፍቶ "ቄሶቹ ቸኮሉ" አለ። ይበልጣል ከእርጥቡ አፈር ዘግኖ፣ "ከእንግዲህ ይህን ሰው በቃሌ ባናግረው ይኸው አፈር ይብላኝ!" ብሎ ማለና ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ጢቾ ተመለሰ። ቤት አልገባም፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

እንግዲህ እዚህ ሰው ደጅ ነው አፀደ ሽማግሌዎች አስከትላ፣ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ የተንበረከከችው። ይበልጣል ሮጦ መጥቶ ድንጋዩን አወረደላት።

"ተነሺ እኅቴ። ኩላሊቴን ይውሰድ። ቃሌን ግን አያገኝም" አላት።

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ። አንደኛው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከኩላሊትና ከሰላምታ የቱ ይከብዳል?" ብለው ጠየቁት።

"ኩላሊት ሁለት አለኝ፤ መሃላዬ ግን አንድ ነው" አለ። የንስሐ አባቱ "መሃላውን እኔ እፈታልሃለሁ፣ ልጄ" ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

የአሰላ ሰው አዋጥቶ ሁለቱን ወንድማማቾች ወደ ሕንድ፣ ወደ ዴልሂ ላካቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ባሕር ሲያቋርጡ አንዱ በመስኮት አየ፣ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን። ዴልሂ ላይ የተቀበለቻቸው ኢፍቱ የምትባል የዲክሲስ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ሄዳ እዚያው ለኛ አገር ሕመምተኞች በማስተርጎም የምትኖር። ምስኪን! ምን እንደሚጠብቃት አላወቀችም።

"ኢፍቱ ልጄ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ በይው" አላት ይበልጣል፣ የመጀመሪያው ቀን ቁርስ ላይ።

"ጋሼ፣ አጠገብዎ ናቸው እኮ!"

"በይው ብያለሁ።"

"ጋሼ ፈቃደ፣ መድኃኒትዎን ዋጡ ወይ ይላሉ።"

"ውጫለሁ በይው" አለ ፈቃደ።

"ያ ዋቃ!" ብላ ራሷን ያዘች ኢፍቱ። "ሕንድኛ ላስተረጉም ተቀጥሬ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ልከርም ነው?"

ምርመራው ሁሉ ገጠመ፤ ደማቸው አንድ ሆነ። አንድ ደጅ ግን ቀረ። ኩላሊት የሚሸጥ ሰው "ዘመድ ነኝ" እያለ ስለሚመጣ፣ ሰጪና ተቀባይ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ዝምድናቸውን ማስረዳት አለባቸው፤ አብረው የተነሱትን ፎቶም ማሳየት። ኮሚቴው ካልፈቀደ ቀዶ ጥገና የለም፤ ቀዶ ጥገና ከሌለ ፈቃደ የለም። ያላቸው ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ በልጅነታቸው ፎቶ ቤት የተነሱት፣ ፈቃደ በመሃል ስላስነጠሰ ፊቱ የጠፋበት። ኢፍቱ ወገቧን ይዛ አሰበችና፣ "በሉ ተነሱ፣ ከተማ ልናይ ነው! በየሄድንበት አብራችሁ ትነሳላችሁ፤ ትስቃላችሁም!" አለች። ስንት ነገሥታት ተራ በተራ ነግሠው ምሽግና መቃብር ትተው ያለፉባት ከተማ ናት ዴልሂ፤ ለፎቶ የሚሆን ግንብ አይታጣባትም።

ፈቃደ ኩላሊት እጥበት በማይገባበት ቀን ሁሉ ባጃጅ ተሳፍረው ይወጡ ጀመር። ወሩ ጥር ነው፤ ከተማዋ ጭጋግ ለብሳ እንደ አሰላ ትበርዳለች። መጀመሪያ ኩቱብ ሚናር የሚባል፣ አንጋጠው ሲያዩት ቆብ የሚያስጥል የድንጋይ ግንብ ሥር ቆሙ። ኢፍቱ ስልኳን ደግና፣ "ጠጋ በሉ! በመሃላችሁ ይኼ ባጃጅ ያልፋል እኮ!" ብላ ጮኸች። አንድ ስንዝር ተጠጉ። "ፈገግ!" ሲባሉ የለቅሶ ቤት ፊት አሳዩ። ቀዩ ምሽግ በር ላይ ደግሞ ዘጠኝ ሆነው ከገጠር የመጡ የሕንድ ቤተሰቦች እነዚህን እንግዳ ሰዎች አይተው "አብረን ፎቶ እንነሳ" ብለው ከበቧቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጆቹን አቅፈው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። አቤት ሲያምሩ! ችግሩ፣ ሁለቱም የሳቁበት ፎቶ ያ ብቻ ሆነና በመሃላቸው ዘጠኝ ሕንዶች አሉ።

ግን... ግን ነገር ከአፍ ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው? ፈቃደ ሐኪሙ የፈቀደለት ውሃ በቀን ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። የውሃውን ኮዳ የሚይዘው ይበልጣል ነው። ወንድሙ ከንፈሩ ሲደርቅ አይቶ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ኮዳውን ይዘረጋለታል፤ ሦስት ጣት ያሳየዋል። ሦስት ጉንጭ ማለት ነው። አራተኛውን ሊጨምር ሲል ኮዳውን ይነጥቀዋል። ራሱም፣ ሲጠጣ አይቶ ፈቃደ እንዳይጠማ ብሎ ቀኑን ሙሉ ጠብታ አይቀምስም ነበር።

አንድ ቀን የምሽጉ ግቢ ውስጥ ኢፍቱ ፎቶ ስታነሳቸው ጦጣ ከግንብ ወርዳ የይበልጣልን ሙዝ ከእጁ ላይ መንጭቃ ወጣች። ፈቃደ ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ከልቡ ስቆ አያውቅም፤ ያን ቀን ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ይበልጣል ወደ ወንድሙ ዞሮ አፉን ከፈተ... ከዚያ መሃላው ትዝ አለውና ወደ ጦጣዋ ዞረ።

"አንቺ ቀማኛ! የሰው ድርሻ ወስደሽ ደግሞ ታፈጫለሽ? ትንሽ ብትታገሽ ምን ነበረበት? ድርሻዬ ነበር እኮ! የኔም ድርሻ ነበር!"

ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። ለሙዝ እንዲህ ይለቀሳል? ፈቃደ ሳቁን ተወ፤ ማን እየተወቀሰ እንደሆነ ገብቶታል።

ኮሚቴው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው ሁማዩን የሚባል ንጉሥ መቃብር ሄዱ። ሰውየው ይህን ሁሉ አገር ገዝቶ ከመጽሐፍ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው አሉ የሞተው። ሚስቱ ናት ያን የሚያክል መቃብር ዓመታት ፈጅታ ያሠራችለት ይባላል። ኢፍቱ ይህን ነግራቸው ትኬት ልትቆርጥ ሄደች፤ ሁለቱ ከባለባጃጁ ጋር በሩ ላይ ቀሩ። ፈቃደ ያን ቀይ ግንብ ቁጭ ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ አማርኛ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቀውን ባለባጃጅ ክንዱን ያዘው።

"ወንድሜ፣ አንተ ንገርልኝ። ይቺ ለሞተ ሰው ስንት ዓመት ለፋች! እኔ ሁለት ሰዓት አልጠበቅኩም። ቄሶቹ አልቸኮሉም በለው፤ ‘እስከ አሥራ አንድ እንጠብቅ’ ነው ያሉት። መኪናው ጭቃ እንደያዘው ተደውሎልኝ አውቅ ነበር። ቅበሩ ያልኩት እኔ ነኝ!"

ባለባጃጁ የገባው ይመስል ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ ነቀነቀ። ፈቃደ እንባው እየወረደ ቀጠለ።

"ሦስት ዓመት አገላበጥኳት። አጠብኳት፣ አጎረስኳት። ልትሞት ስትል ‘ይበልጣል መጣ?’ አለች። ‘እኔ አለሁ እማዬ’ አልኳት። ‘አንተማ አለህ፤ ይበልጣል መጣ?’ አለች። ቀናሁ በለው! በገዛ ወንድሜ ቀናሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ይዤ ኖርኩ፤ ኩላሊቱንም ይዤ ይህን ልደብቀው አልቻልኩም!"

ይበልጣል ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ። ኢፍቱ ትኬቱን ይዛ ስትመለስ ሁለቱም ባጃጁ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ይበልጣል ከሹፌሩ ጎን፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ያን ቀን "በይው" የሚል ጠፋ። ኮዳውንም ለኢፍቱ ሰጣት። ፈቃደ በልቡ፣ "በቃ፣ ተወኝ" አለ፤ ወንድሙንም አልፈረደበትም።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢዋ ሳሪያቸው ላይ ሹራብ የደረቡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም ነበሩ። ይበልጣልን አቆሙና በኢፍቱ በኩል ጠየቁት።

"ወንድምህ ነው?"

"የእናቴ ልጅ ነው።"

"ያስገደደህ አለ?"

"እኔን የሚያስገድድ ገና አልተወለደም።" ኢፍቱ ይህን አለሳልሳ "አልተገደድኩም ይላሉ" ብላ አሳለፈችው።

ሴትዮዋ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተኑ። "በዚህ ሁሉ ፎቶ ላይ አንዱ ሌላውን አያይም። ጦጣዋን ግን ሁለቱም አፍጥጠው ያያሉ" አሉ። "እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ይተዋወቃሉ? እስቲ የፈለጋቸውን ነገር ይነጋገሩ፤ እኔ ልስማ።"

ኢፍቱ ይህን ተረጎመችላቸው። ይበልጣል ወለሉን ያያል፤ ከንፈሩን ነክሷል። ሴትዮዋ ፋይሉን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። አምላኬ! የአንድ ሰው ነፍስ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥላ፣ ያቺ ቃል አልወጣ አለች! ያኔ ፈቃደ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ።

"ኢፍቱ ልጄ፣ በቃ በያቸው። የበደልኩት እኔ ነኝ። የሰው መሃላ አስፈርሼ ኩላሊቱን ይዤ አልሄድም። አገሬ ልግባ፤ የአፀደን ዓይን አይቼ ልሙት።" ቆቡን አነሳና ያበጠ እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደ።

"ወንድም ጋሼ! ቁጭ በል!"

ይበልጣል እያለቀሰ ይጮኻል።

"ወዴት ነው የምትሄደው? ሰማይ አቋርጬ መጥቼ፣ ክንዴ እስኪበሳሳ በመርፌ ተወግቼ፣ አሁን ‘አገሬ ልግባ’ ትለኛለህ? እናቴን እንዳልቀብር አደረግከኝ፤ ደግሞ አንተን ልቅበር? አልቀብርህም! ሰማህ? አልቀብርህም!" ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ከጠራችኝ በኋላ... ሌላ ምን አለች? ማንን ልጠይቅ እኔ? ከጎኗ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።"

ፈቃደ በሩን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። "‘ከመንገድ ሲገባ ይርበዋል፤ ከጭኮው አስቀምጡለት’ አለች። ያንን በቅቤ የተለወሰውን፣ አንተ የምትወደውን። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም።"

"አስቀመጥክልኝ?"

"አስቀመጥኩልህ። አንተ ቤት ሳትገባ ተመለስክ።"

"እና የት ደረሰ?"

ፈቃደ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"የት ደረሰ ነው የምልህ?"

"በሠልስቱ... እኔው በላሁት።"

"በላኸው?"

"እያለቀስኩ ነው የበላሁት!"

"አንተ ሆዳም!" አለና ይበልጣል የወንድሙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ተላቀሱ። ሰብሳቢዋ ደንግጠው፣ "ምን እየተባባሉ ነው?" ብለው ጠየቁ። ኢፍቱ እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች፣ "ስለ ምግብ ነው የሚጣሉት" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን ሲያዩ ቆዩና፣ "እኔም ሁለት እኅቶች አሉኝ" ብለው ብዕራቸውን አንስተው ፈረሙ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። አዲሱ ኩላሊት ሥራ ጀምሮ ፈቃደ የሸና ቀን አፀደ በስልክ ሰምታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ለሽንት እልል የተባለበት ቤት በአሰላ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወንድማማቾቹንም ነርሶቹ ክፍል ለዩባቸው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ወሬያቸውን አላቋርጥ ብለው ሌላውን ሕመምተኛ እንቅልፍ ነስተዋል።

አይ የሰው ልጅ! ጭቃ አንድ መኪና ይይዛል፣ በዚያ ሰበብ ወንድም ከወንድሙ ይለያል። ተኳርፎ የሚኖረውም ያጣውን ነገር ያወቀው ይመስለዋል፤ ግን ያላወቀው ይበልጣል... ይቅርታ፣ ስሙን መጥራቴ አይደለም። በቀደም ጢቾ ገበያ ላይ አንዱ ነገረኛ፣ "ኧረ ለዚያ ለበደለህ ሰው ኩላሊት ሰጥተህ አልተጎዳህም?" ብሎ ጠይቆት ነበር። ይበልጣል የገብሱን ጆንያ ከትከሻው አወረደ።

"የእናቴን የመጨረሻ ቃል ሰጠኝ እኮ። በአንድ ኩላሊት ረከሰልኝ" አለው።